በሰጠናቸው ክሎሪን ልብስ አጠቡበት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። የግቢዬን ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ስታነቡ ይገባችኋል።

ሰኔ ላይ ፈተና እንደጨረስን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ፎገራ ውስጥ ወዳለ አንድ ቀበሌ ተወሰድን። ሥራችን የመጠጥ ውሃ በክሎሪን እንዴት እንደሚታከም ማስተማር ነበር። ቲሸርት ተሰጠን። ባነሩ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆምን፤ ሲመጣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ በያዝነው የሃይላንድ ውሃ ላይ ክሎሪን ጠብ አድርገን አሳየን፤ ጠርሙሶቹን አደልን፤ ተጨበጨበልን፤ ምሳ ሳይደርስ ተመለስን።

መስከረም ላይ እዚያው ቀበሌ ዘመድ ካላት ጓደኛዬ ጋር ሄድኩ። የጠየቅኳቸው ሁሉ ውሃውን እንደ ድሮው ነው የሚጠጡት። አንዲት እናት «እሱማ በረኪና አይደል እንዴ? ነጠላዬን አጠብኩበት፤ እንዴት አድርጎ እንዳነጣልኝ!» አሉኝ። አብሬያቸው ሳቅኩ። ማታ ግን አለቀስኩ።

አሁን ለውጭ ስኮላርሺፕ ላመለክት ነው። ፎርሙ «ለማኅበረሰብሽ ያበረከትሽውን ግለጪ» ይላል። አብረውኝ የነበሩት «500 አባወራ ንጹህ ውሃ እንዲጠጣ አድርገናል» ብለው ጽፈዋል፤ እኔንም እንደዚያው ጻፊ ይሉኛል። ከዚህ ሌላ ያለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክለቡን ማገዝ ብቻ ነው። ላቡ ሁሌም ቁልፍ ስለሆነ ከርከዴ አፍልተን፣ ሎሚና የአመድ ውሃ እየጨመርን አሲድና ቤዝ እናሳያለን። እንዲያውም አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በሳምንቱ የቤቷን አመድ በፌስታል ይዛ መጥታ አስቃናለች። ይሄ ይጻፋል እንዴ?

ውጤቴም ከ3.6 ወደ 3.2 ወርዷል። አባቴ «የሰው ጣሪያ ስትከድኚ የራስሽ ያፈሳል» ይለኛል። ምን ልጻፍ? በጎ ፈቃዱንስ ልተወው?

ግራ የገባት

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እኚያን ነጠላቸውን ያጠቡ እናት አድንቂልኝ። አንቺ ሦስት ዓመት ኬሚስትሪ ተምረሽ የምታውቂውን እሳቸው በአፍንጫቸው ደርሰውበታል። ለውሃ ማከሚያ የሚሸጠው ፈሳሽ ክሎሪንና በረኪና ዋና ንጥረ ነገራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ናቸው። የሚለያዩት በመጠናቸውና በተጨመረባቸው ነገር ነው። (ይህን አንብቦ የሱቅ በረኪና ጀሪካን ውስጥ የሚጨምር እንዳይኖር አደራ። ለልብስ የተሠራው ሽቶም ሌላ ኬሚካልም ሊኖርበት ይችላል፤ ጥንካሬውም ለመጠጥ ተብሎ የተለካ አይደለም።)

ስለዚህ ሴትየዋ አልተሳሳቱም። የሚያውቁትን ነገር ለሚያውቁት ሥራ አዋሉት። ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ የሆነን ነገር «ጠጡት» ሲባሉ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል ማንም አልጠየቃቸውም። አንቺ ያለቀስሽው ሰዎቹ አልሰሙንም ብለሽ ይመስለኛል። ሰምተዋችኋል። ያልሰማችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ በዚያች ግማሽ ቀን ማንም ቢሆን ሊሰማ አይችልም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ «በያዝነው የሃይላንድ ውሃ ላይ» ብለሽ አልፈሽዋል። ለመሆኑ ለምን በሃይላንድ ውሃ?

በሰኔ ፎገራን አይተሻል። የርብና የጉማራ ወንዞች መሙላት፣ ሜዳውም ጭቃ በጭቃ መሆን የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ከወንዝና ካልተጠበቀ ጉድጓድ የሚቀዳው ውሃ በክረምት ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። እናንተ ደግሞ የታሸገና እንደ መስታወት የጠራ ውሃ ይዛችሁ ሄዳችሁ በእሱ ላይ አሳያችሁ። የጠራ ውሃ ላይ ክሎሪን ጠብ ማድረግ እኮ ምንም አያሳይም። ከማድረጋችሁ በፊትም ጠርቷል፣ በኋላም ጠርቷል። እነሱ ቤት ያለው ውሃ ላይ ደግሞ የተባለውን ያህል ቢጨምሩ ላይሠራ ይችላል። ምክንያቱን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ፦ ድፍርሱ ውስጥ ያለው አፈርና ብስባሽ ክሎሪኑን ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ ጀርሞቹም ከደለሉ ጋር ተጣብቀው ይደበቃሉ። ስለዚህ ድፍርስ ውሃ መጀመሪያ እንዲሰክን ይደረጋል፤ ከላይ ያለው ቀስ ተብሎ ይቀዳል፤ በታጠፈ ንጹህ ጨርቅ ይጠለላል፤ ክሎሪኑ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጠኑም ለጠራና ለድፍርስ ውሃ ይለያያል፤ ጥቅሉ ላይ ያለውን ማንበብ ነው። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከድኖ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሠላሳ ደቂቃ ደግሞ ሰዓት በሌለበት ቤት ምን ማለት ነው? እኔ ብሆን በቡና ነበር የማስረዳው። ረከቦቱ ሲቀርብ ውሃው ላይ ጨምሩና ክደኑ፤ ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል ተጠጥቶ እስኪያበቃ ውሃው ደርሷል። እዚያ ሰፈር ሴቶች ይህንን አንዴ ከሰሙት አይረሱትም። ሽታው ለሚያስጠላቸው ደግሞ ከ30 ደቂቃው በኋላ ውሃውን ከአንድ ንጹህ ዕቃ ወደ ሌላ ንጹህ ዕቃ ገልበጥ ገልበጥ ማድረግ ወይም ትንሽ አቆይቶ መጠጣት ሽታውን ይቀንሰዋል። ትንሽ ሽታ መቅረቱ ግን ክፉ አይደለም፤ ክሎሪኑ ገና እንዳለ ነው የሚናገረው። ይህን ቀድሞ የነገራቸው ቢኖር ኖሮ ሽታው ማስጠሊያ ሳይሆን ማረጋገጫ ይሆንላቸው ነበር።

ሌላም አለ። ያደላችሁት ጠርሙስ ሲያልቅ ሌላው ከየት ይገዛል? በአቅራቢያ ያለው ሱቅ ይሸጣል? በስንት? «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክርስ ማገዶ ኩበት ለሆነበት ቤት በየቀኑ ይሆናል? ቢልሃርዚያውም፣ አተቱም፣ የሕፃናቱ ተቅማጥም እውነት ነው፤ ሥራው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ባነር ተይዞ ሲኬድ ግን እነዚህ ጥያቄዎች ከመኪናው አይወርዱም።

ቢልሃርዚያን ካነሳሁ አይቀር፣ ሳይንቲስቱን ዶክተር አክሊሉ ለማን ታውቂያቸዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስማቸው ነው የሚጠራው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እያጠኑ ሳለ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል። እንዶድን እናቶቻችን ከዘመናት በፊት ጀምሮ ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን ለሳሙናነቱ ነው። ሳይንቲስቱ ያንን የልብስ እጣቢ «ይሄ ለእኔ ጥናት ምኑ ነው?» ብለው አላለፉትም። ወስደው ላብ ውስጥ መረመሩት። ከዚያ የወጣው ሥራ ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አሸልሟቸዋል።

እንግዲህ አስቢው። ዓድዋ ላይ ልብስ አጣቢ ሴቶች ለአንድ ተመራማሪ መንገድ አሳዩ። ፎገራ ላይ ደግሞ ልብስ ያጠቡ ሴት ለአንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ትልቅ ነገር ነገሯት። ተማሪዋ ግን ዶርም ገብታ አለቀሰች። ይሄ ነው የቆጨኝ።

ተመለሺ። ቲሸርቱን ግን አትልበሺው። መጀመሪያ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፈልጊ። ማን ቤት ክሎሪን እንዳለ፣ ማን ቤት እንደሌለ፣ ባለፈው ክረምት ማን እንደታመመ እሷ ታውቃለች። ምናልባት ያኔ ባነሩ ስር አቁመዋት ይሆናል፤ የጠየቃት ግን ያለ አይመስለኝም። ከእሷ ጋር ሁለት ሦስት ቤት ግቢ። አታስተምሪ። ውሃው ከየት ይቀዳል፣ በምን ይቀመጣል፣ በእንስራ ነው በጀሪካን፣ በምን ይጨለፋል፣ ሕፃኑ ሲጠማው ማን ያጠጣዋል? እያየሽ ጠይቂ። ቡና ከቀረበልሽ ጠጪ። አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ «ቸኩያለሁ» ብትይ ዋናው ወሬ ያመልጥሻል፤ ሰው የልቡን የሚናገረው ቶና ላይ ነው።

ከዚያ ውሃ ቅጂና ወደ ግቢሽ ይዘሽ ነይ። ድፍርሱን እንዳለ፣ የሰከነውን፣ ተጠልሎ የተጣራውን ለየብቻ አድርጊና እኩል ክሎሪን ጨምሪባቸው። ከ30 ደቂቃ በኋላ የቀረውን ነፃ ክሎሪን ለኪ። የዲፒዲ ታብሌት (የክሎሪን መለኪያ እንክብል) ካገኘሽ ክሎሪኑ ያለበት ውሃ ሮዝ ይሆናል፤ የሌለበት እንዳለ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም አካባቢ እንዲቀር ነው። እንስራና ጀሪካን ላይ ያለው ልዩነት ራሱ ሌላ ጥያቄ ነው። በጠርሙስ ታሽጎ ሙቀት ላይ የከረመ ክሎሪን ኃይሉ ስለሚቀንስ ሰኔ ላይ ያደላችሁት ምን ያህል እንደቀረው መለካትም ይቻላል። አየሽ፣ ይሄ የበጎ ፈቃድ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሆነ። አራተኛ ዓመት ስትደርሺ ርዕስ ፍለጋ ከምትንከራተቺ ዛሬ ለአማካሪሽ አቅርቢው። ሰው ቤት ገብቶ መጠየቅ ፈቃድ ይፈልጋልና እሱንም በዚያው ይጨርሱልሻል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ተማሪ ገጠር ወርዶ ማገልገሉ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ እያወረደ ነበር የሚያሠለጥነው። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ አብዛኛው ያስተምር ነበር። በውዴታም በግዴታም ስለመሆኑ ብዙ መከራከር ይቻላል። ግን ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ የኖረ ሰው ሕዝቡ ፊት ለፊት ይነግረዋል፤ «ያልከው አልሠራም» ይባላል። ከምሳ በፊት የተመለሰ ማን ይነግረዋል? አንቺ መስከረም ላይ ስለተመለስሽ ተነገረሽ። አብረውሽ የነበሩት እስካሁን አያውቁም።

ወደ ፎርሙ እንምጣ። 500 አባወራ የሚለውን አትጻፊ። ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሞኝነትም ስለሆነ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «500ውን ማን ቆጠረ?» ቢሉሽ ምን ትያለሽ? «ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ ይጠቀምበት ነበር?» ቢሉሽስ? እውነቱን ታውቂዋለሽና ፊትሽ ይነግርብሻል። ደግሞስ ተመሳሳይ ቁጥር፣ ተመሳሳይ ቀበሌ፣ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ግቢ በአራትና በአምስት ፎርም ላይ ሲመጣ የሚያነበው ሰው አይነቃም ብለሽ ነው?

የሆነውን ጻፊ። እንዲህ፦ «በሰኔ ወር ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ሄደን ውሃ በክሎሪን ስለማከም አስተማርን። በመስከረም ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተመልሼ ስጠይቅ ለመጠጥ የሚጠቀምበት አላገኘሁም። ለማሳያ የተጠቀምነው የጠራ ውሃ ነበር፤ የእነሱ ውሃ ድፍርስ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ…» እያልሽ ቀጥዪ። «ካወቅኩ በኋላ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣውን ግን አሁን ሠርተሽ ነው የምትጽፊው። ለዚህ ነው ተመለሺ ያልኩሽ። ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ሰዎች «ብዙ ሕዝብ አገለገልኩ» የሚል ወረቀት አንብበው ጠግበዋል። ሠርቶ ሄዶ ያየ፣ አልሠራ ሲለው ለምን ብሎ የጠየቀ ተማሪ ግን ተመራማሪ ሊወጣው እንደሚችል ይገባቸዋል። የምታመለክቺውም ለሳይንስ ትምህርት ነው እኮ!

ጓደኞችሽን ደግሞ አትስበኪያቸው። የራስሽን ጻፊ፤ የእነሱን ለእነሱ ተዪው። አብረን ካልጻፍን ብለው ቢቀየሙሽ «እኔ መስከረም ላይ ሄጄ ስላየሁ አልችልም» ማለት ይበቃል። ውሸታም ናችሁ ካልሽ ግን ዶርሙ ሲኦል ይሆንብሻል።

ስለ ሳይንስ ክለቡ ደግሞ «ይሄ ይጻፋል እንዴ?» ያልሽው ገርሞኛል። እኔ ብሆን እሱን ነበር የማስቀድመው። ላብ ተቆልፎበት በጠመኔ ብቻ «አሲድ ሊትመስን ቀይ ያደርጋል» እየተባለ ያደገ ልጅ ስንት ነው? ሊትመስ ወረቀቱን ዓይቶት አያውቅም። አንቺ ከሱቅ በተገዛ ከርከዴ ላይ ሎሚ ሲገባ ደምቆ ሲቀላ፣ የአመድ ውሃ ሲገባ ወደ አረንጓዴ ሲዞር በዓይናቸው አሳየሻቸው። ያቺ አመድ በፌስታል ይዛ የመጣች ልጅ እኮ አንቺን ለማሳቅ አልመጣችም! የቤቷ አመድና የትምህርት ቤቱ አመድ አንድ ይሁን አይሁን ልታይ ነው የመጣችው። ያ ማለት ጥያቄውን ራሷ ፈጠረች፣ ናሙናውንም ራሷ አመጣች ማለት ነው። ለመሆኑ ሞከራችሁላት? የባሕር ዛፍ አመድ ነበር ወይስ የኩበት? ካልሞከራችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛ እንድትመጣ ንገሪያት፤ ሌሎቹም ከየቤታቸው ያምጡ። የላቡን ቁልፍ ነገር ደግሞ ዳይሬክተሩን በጨዋ ደንብ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ላብ የሚቆለፈው ዕቃ ከተሰበረ መምህሩ ዕዳ ውስጥ ስለሚገባ ነው። «እኔ ፈርሜ እረከባለሁ፣ ፈርሜ እመልሳለሁ» የሚል ሰው ሲገኝ አንዳንዴ ይከፈታል።

ውጤትሽን በተመለከተ አባትሽ ያሉት ቃል ከባድ ቢሆንም ባዶ አይደለም። 3.2 የሚያስለቅስ ውጤት አይደለም፤ መውረዱ ግን በዚሁ ከቀጠለ ስኮላርሺፑን ራሱን ይዘጋብሻል። እዚህ ላይ ረጅም ምክር የለኝም። ግቢ ውስጥ ያለ ችግኝ ተከላ፣ ሰልፍ፣ የፅዳት ዘመቻ፣ እንግዳ መቀበል ሁሉ ላይ ስምሽ ካለ አውጪው። «ቅን ልጅ ናት፣ እምቢ አትልም» የሚባል ተማሪ ሁሌም ወንበር ተሸካሚ ነው የሚደረገው። ቅዳሜ ክለቡን ያዢ፤ የውሃውን ነገር ያዢ፤ እሱም ከትምህርትሽ ጋር ስለተጣመረ ጊዜሽን በእጥፍ አይበላም። የቀረውን ተዪው። ለአባትሽም የፕሮጀክቱን ሐሳብ ንገሪያቸው። «በጎ ፈቃድ» ስትያቸው ነፃ ጉልበት ይመስላቸዋል፤ «የመመረቂያ ጥናቴ ነው» ስትያቸው ግን ምናልባት ጀሪካኑን ራሳቸው ይሸከሙልሻል።

አንድ የቀረ ነገር። ፎርሙ የሚዘጋበትን ቀን አልነገርሽንም። ስለዚህ አሁኑኑ ደብተር ያዢና የክለቡን ቅዳሜዎች ከቀን ጋር መዝግቢ፤ ያስታወስሽውን ያህል ወደ ኋላም ሂጂ። ከትምህርት ቤቱ የአገልግሎት ደብዳቤ ጠይቂ፤ ማህተም ይኑረው። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም መስከረም ላይ መጥተሽ እንደነበር፣ ደግሞም ስትመለሺ ምን እንደሠራሽ የሚገልጽ አጭር ወረቀት ብታገኚ ጥሩ ነው። ቶሎ በዪ ግን፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከቦታ ቦታ ይዘዋወራሉ፤ ከተዛወረች በኋላ ፊርማዋን ፍለጋ መንከራተት ነው።